ቀኑ ያልሞላ

የሱቫ ሰማይ ገና ግራጫ ነው፤ ባሕሩ አልነቃም፤
የሻምበል ባሻ ዓይን ግን ከሰልፍ በፊት እንቅልፍ አያውቅም።
መቶ ሃያ ሰው፣ ሦስት ረድፍ፤
ቀይ ኮት፣ ነጭ ሱሉ፣ ጥርስ ያወጣ ጫፍ።
ጠርዙ እንደ መጋዝ ወጣ ገባ ብሎ የተቆረጠ፣
ከጉልበት በታች አራት ጣት፤ ያነሰም አነሰ፣ የበለጠም በለጠ።

ማስመሪያዬን ይዤ ዞርኩ።
አዝራር ላይ ፊቴን አየሁ፤ ስምንት አዝራር፣ ስምንት እኔ፤
አንዱ ላይ ደብዝዣለሁ፤ «ወልውለው» አልኩት፣ «አትምጣብኝ በዓይኔ!»
የአንገትጌ መንጠቆ ተቆልፏል፤ ክር አልተንጠለጠለም፤
ጸጉር ከጆሮ በላይ ሁለት ጣት፤ ጢም የለም።
ሰንደሉ ጥቁር፣ ማሰሪያው ከውጪ፤ የእግር ጥፍር ሳይቀር ተቆርጧል፤
አንድ ምልምል ግን በጥፍሩ ሥር ጭቃ ይዟል።
«ይሄ የአባትህ የታሮ ማሳ ነው፤ ሰልፍ አይወጣም፤ እዚሁ ይቀራል።»

ማታ ማታ ይስቁብኛል፤ አውቃለሁ፤ እንዲህ ይላሉ አሉ፦
«ዋይሳኬ ሲሞት ከሣጥኑ ተነሥቶ፣ ከፈኑን አስተካክሎ ይተኛል እኮ!»
እውነት ነው። አስተካክላለሁ።

ምክንያቱን ግን አንድ ቀን አልነገርኳቸው፦
ሰው ሁሉ እቤቱ ውስጥ ቅዳድ አለው፤
የታመመ አባት፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ሲውጡት የከረመ ነገር፤
ሰልፍ ማለት ለእኔ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሆኖ መታየት ነበር።
ማስመሰል ነው የሚል ይበል። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት
አይቻለሁ፣ ቀጥ ያለ ጨርቅ ሰውን ቀጥ ሲያደርገው በሐዘን ፊት።

ኮሊኒዮ ጋ ስደርስ ማስመሪያዬን አላነሣሁም፤
እንዲህ ያለ ልብስ እኔም በወጣትነቴ አልለበስኩም።
እጥፉ ወረቀት ይቆርጣል፤ ቀበቶው ወተት ነው፤
ዓይኑ ግን ደም ለብሷል፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው።
ዓይን በደንቡ መጽሐፍ የለም። አለፍኩት።

ከበሮው መታ። መለከቱ ተነሣ። ከዚያ ዝናቡ!
ሳያጉረመርም፣ ሳያስፈራራ፣
ወረደብን ከነደመናው ጋራ።
ማንም አልተነቃነቀም። ስታርቹ ሟሟ፤ ሱሉው ከጭን ተጣበቀ፤
የሌሊቱ ልፋት በሩብ ሰዓት ታጥቦ አለቀ።
ያን ጊዜ ነው ነጩ ጨርቅ ርሶ የውስጡን ያሳየው፤
ኮሊኒዮ ጭን ላይ ቡናማ፣ ሹል፣ የታንኳ ቅርጽ ያለው፣
የካውያ ቃጠሎ። ሙሉ ካውያ።
የክብር እንግዳው ፊት ለፊቱ ቆመ፤ አለፈ።
ኮሊኒዮ ዓይኑን አልሰበረም፤ ውሃው ብቻ ከአገጩ ረገፈ።

ከሰልፉ በኋላ ጠራሁት።
«ይሄ ምንድን ነው?» «ካውያ ነው፣ ሻምበል ባሻ።»
«ካውያ መሆኑንማ ዕውርም ያውቃል። ማን ተኮሰው?»
ዝም አለ። ዝም ብዬ ጠበቅኩት።
«አካኒሲ ናት፤ ሚስቴ። እኔ ልተኩስ ብላት፣
አንተ ስትተኩስ እጥፉ ይጣመማል ብላ እምቢ አለች፤ ማን ያሸንፋት?
እየተኮሰች ምጥ ያዛት፤ ቀኗ ሳይሞላ፣ አምስት ሳምንት ሲቀራት።
ካውያውን ማን ያንሣው? እኔ እሷን አነሣኋት።
ስመለስ ቤቱ ጨስ ብሏል። ሌላ ሱሉ የለኝም፤
የተቃጠለውን ወደ ውስጥ አጥፌ ለበስኩ። ዝናቡን አላሰብኩም።»
«ልጁስ?»
«ሴት ናት። እፍኝ አትሞላም። ትተነፍሳለች።»

የቅጣት መዝገቡን ገለጥኩ።
ደንብ ለአንዱ ከታጠፈ ለሌላው ይጨማደዳል፤
ይህን ሳስተምር የኖርኩ እኔ ነኝ፤ እጄ ያውቀዋል።
ስም ጻፍኩ፤ ማዕረግ ጻፍኩ። ጉድለት፦ የተቃጠለ ሱሉ፣ አንድ።
ቅጣት፦ ሁለት ቀን ተጨማሪ ጥበቃ።
የሚጀምርበት ቀን፦
እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።
ባዶውን ትቼ መዝገቡን ዘጋሁት።
«ቀኑ አልሞላም» አልኩት። «ሂድ።»